ለልጄ፣ ስለ ቁልቁለቱ

የኔ ልጅ እንደምን ከረምክ፣ ትንሿስ ጉንፋኑ ለቀቃት? ቅዳሜ የላክልኝን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው፣ ያ ከተራራው ዞር ስትሉ ባህሩ ድንገት ወለል የሚልበት ኩርባ ጋ ስደርስ እያቆምኩ ነው የማየው። ከከተማው እስከ ወደቡ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ እንደዚህ ሲያምር ደስ ብሎኛል፣ ልጅቷም ከኋላ ሆና ስትጮህ ሰምቻታለሁ። ግን መጨረሻው አካባቢ ለሚስትህ "ነዳጅ እንዳይፈጅ ፎሌ ላይ አድርጌ ነው የምወርደው" ስትላት ሰማሁ፣ ማርሹን አውጥተህ በባዶ ማለትህ ነው፣ ከዛ ወዲህ ሆዴ አልረጋም። በስልክ ብነግርህ እሺ እማዬ ብለህ ነው የምታልፈው፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው፣ እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

አያትህ ሹፌር እንደነበር ታውቃለህ እንጂ የት የት እንደነዳ ብዙ አልነገርኩህም። እኛ አስመራ ስንኖር እሱ ኤንትሬ የሚሉትን የጭነት መኪና ይዞ ከአስመራ ምፅዋ ይመላለስ ነበር። መንገዱ ረጅም አይደለም፣ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን አስመራ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች፣ ምፅዋ ደግሞ ባህሩ ላይ ነው ያለችው፣ ይሄን ሁሉ በዚች አጭር መንገድ ትወርደዋለህ ማለት ነው። በዛ ላይ የሚብሰው ቁልቁለት ከአስመራ እስከ ጊንዳ ባለው ነው፣ ከጊንዳ ወዲያ እየላላ ይሄዳል።

እኔን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይዞኝ የሄደው፣ ጥር 1965፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሁለት ሹራብ ደራርባ አልብሳኝ ከላይ ነጠላዋን ጠቀለለችብኝ፣ አስመራ ጥር ላይ ንጋቱ አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። ጋቢና ውስጥ በአባዬና በረዳቱ መሃል ተቀመጥኩ፣ መኪናው የበሬ ቆዳ ነበር የጫነው፣ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ከተማው እንዳለቀ አምባው ድንገት ቁርጥ ይልና ከታች መሬት የለም፣ ደመና ብቻ ነው፣ ነጭ፣ የተባዘተ ጥጥ አንጥፈው የተዉት ነው የሚመስለው፣ እኛ ከላይ ፀሐይ እየሞቀን ደመናውን ቁልቁል እናየዋለን። እዛ አገር ክረምቱ ሁለት ነው፣ አስመራ የሚዘንበው እንደኛው ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ቁልቁለቱ ግን በበጋ ነው የሚዘንብበት፣ ከቀይ ባህር የሚነሳው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ይሆናል፣ ዝናብም ይሆናል። ለዚህ ነው ላይ ቤት ሳሩ ደርቆ ታች አረንጓዴ ሆኖ የምታገኘው።

ከዛ አባዬ መኪናውን አቆመው። ገና ሳንወርድ። ወርዶ ስድስቱንም ጎማ ዞሮ አየ፣ ተመልሶ ገባና ማርሹን ቀነሰ፣ ሞተሩ ሲያጓራ ፈራሁና "ተበላሸ እንዴ?" አልኩት። "አይ፣ አሁን ነው የያዘው" አለኝ። ከዛ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ "ይሄን ቁልቁለት ልውጣው ብል በስንተኛ ማርሽ እወጣው ነበር? በዛው ነው የምወርደው" አለኝ። ይኸው ነው ልጄ፣ ላንተም የምለው ይሄንኑ ነው፣ ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁል ውረድ።

ምክንያቱን በኋላ እያደግኩ ነው ያስረዳኝ። መኪና ከላይ ሲወርድ ያ ሁሉ ክብደት የሆነ ቦታ መያዝ አለበት፣ ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ፍሬኑ። ፎሌ ካደረግከው ሞተሩ ለቀቀው ማለት ነው፣ ሁሉም ነገር ፍሬኑ ላይ ወደቀ። ፍሬን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲረገጥ ይግላል፣ ጎማውን አፍኖ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ሲግል መያዝ ያቅተዋል፣ የፍሬን ዘይቱም ከፈላ ፔዳሉ እግርህ ስር እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ ያኔ ማርሽ ላስገባ ብትል መኪናው ፈጥኗል፣ አልገባም ይልሃል። በዛ በምፅዋ መንገድ ላይ አባዬ በጣቱ እያሳየ "እዚህ እገሌ ወደቀ፣ እዚህ ተሳቢው ቀድሞት ገለበጠው" እያለኝ ነው የወረድነው፣ ለማስፈራራት አልነበረም፣ አብረውት ምሳ የበሉ ሰዎች ናቸው፣ ስማቸውን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ነዳጅ ያልከው ደሞ ልክ አይደለም። ሰፈር ያለውን መካኒክ ሳይቀር ጠይቄልሃለሁ፣ እንዳንተ ያለ አዲስ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርህን ከነዳጅ ፔዳሉ ስታነሳ ኮምፒውተሩ ራሱ ነዳጁን ይዘጋዋል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፣ ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መስጠት ግድ ነው። ስለዚህ የምትቆጥበው ነገር የለም ልጄ። የተከራየኸው ኦቶማቲክ ከሆነም ኤል ወይም 2 የሚል አለው፣ የማርሽ ቁጥሩን በእጅ መቀነስ የሚቻልባቸውም አሉ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገባው። ፍሬኑን ሙሉ መንገድ ለስለስ አድርገህ አትያዘው፣ ፍጥነቱ ሲጨምርብህ ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ልቀቀው፣ አየር ያግኝ።

ጉሙ ውስጥ ስንገባ አባዬ በየኩርባው ክላክስ እያደረገ ነው የሚሄደው፣ ከታች የሚመጣው አይታይም። አንድ ቦታ ጉሙ ሲገለጥ ከመንገዱ በታች ሊቶሪናው፣ ያ ትንሹ የሰው ባቡር፣ ከዋሻ ሲወጣ አየሁት፣ ያ የባቡር ሐዲድ ጣልያኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር 1887 ከምፅዋ ጀምረውት አስመራ የደረሰው 1911 ነው፣ ለዚች ትንሽ መንገድ ሃያ አራት ዓመት ማለት ነው፣ ተራራው እንዴት እንዳስቸገራቸው ከዚህ እወቀው። ነፋሲት ስንደርስ አባዬ ቆመና ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ላይ አማተበ፣ ደብረ ቢዘን እዛ ተራራ አናት ላይ ነው ያለው፣ አቡነ ፊልጶስ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም። "እኛም እንውጣ" ስለው ሴት አይገባበትም አለኝ፣ እኔም አኮረፍኩ፣ እሱ ከረሜላ ገዝቶ አስታረቀኝ፣ ጆሮዬም ድፍን ብሎ ስለነበር ከረሜላውን እየመጠጥኩ ስወርድ ተከፈተልኝ (ለልጅቷም እንደዛ አድርጉላት፣ ውሃ ወይ የሚላስ ነገር ስጧት፣ በቪዲዮው ላይ የጮኸችው ጆሮዋን አሟት ሊሆንም ይችላል)።

እዛው ነፋሲት ረዳቱ መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማው ስር ታኮ አስገባና አባዬ እጁን ገልብጦ በእጁ ጀርባ የየጎማውን ቸርኬ መሃል ጠጋ እያደረገ ይሞክር ጀመር፣ አይነካውም፣ ሙቀቱን ብቻ ነው የሚሰማው። አንዱ ጋ ትንሽ ቆየ፣ ከዛ "ሻይ እንጠጣ" አለ። ሻይ ጠምቶት አልነበረም ለካ፣ ጎማው እስኪበርድ ነው። ረዳቱ ውሃ ልድፋበት ወይ ሲለው አባዬ አይሆንም አለው፣ የጋለ ብረት ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። ሻዩን ሁለት ሁለት ጊዜ ጠጣን።

ጊንዳ ላይ አንዱን ሹራብ አወለቅኩ፣ ከጊንዳ አልፈን ሁለተኛውን፣ ዶጋሊ ስንደርስ የእናቴን ነጠላ ሳይቀር ጭኔ ላይ አድርጌ ላቤ ይንቆረቆራል። ራስ አሉላ በጥር 1879 ጣልያኖቹን የመቱት እዚህ ነው አለኝ አባዬ፣ እኔ ግን ዓይኔ ፊት ለፊት ነው፣ መሬቱ ተዘረጋ፣ ዳር ላይ ሰማያዊ መስመር አለ፣ ሰማይ መስሎኝ ነበር። "ባህሩ ነው" አለኝ። ያኔ ነው አባዬ ማርሹን የጨመረው፣ ትከሻው ዝቅ ሲል አየሁት፣ እስከዛ ድረስ እንዳልተደገፈ አላስተዋልኩም ነበር።

በ2011 ጥር ከአክስትህ ጋር የሄድኩ ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ አስመራ በረራው እንደገና በተከፈተ በስድስት ወሩ ማለት ነው፣ ያንኑ መንገድ በሚኒባስ ወረድኩት። ምፅዋ፣ ጥዋለት የሚባለው ደሴት ላይ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ጉልላቱ በጦርነቱ እንደተመታ ቆሟል፣ ያን ሳይ አለቀስኩ። ከዛ በፊት ግን፣ ከነፋሲት በላይ፣ የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፣ ሙዚቃ ከፍቶ ፍሬኑን ይዞ ነው የሚወርደው። አርባ ስድስት ዓመት አልፎ ሽታውን ለየሁት። "ቀስ ኢልካ ሓወይ" አልኩት በትግርኛ፣ ቀስ በል ወንድሜ ማለቴ ነው፣ ማርሽ ቀንስም አልኩት። በመስታወት አየኝና ቀነሰ፣ ሞተሩ አጓራ፣ አክስትህ ደንግጣ እጄን ያዘች፣ "አይዞሽ፣ አሁን ነው የያዘው" አልኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እንሄዳለን ብለሃል። ሂዱ፣ ደስ ይበላችሁ። ታች ስትደርስ ከመኪናው ውረድና የእጅህን ጀርባ ጎማው ጋ ጠጋ አድርገህ አየው፣ ሞቅ ብሎ እንደሆነና በስንተኛ ማርሽ እንደወረድክ ጻፍልኝ።

እናትህ