«ተቃጥሎ አልቋል» ላሉኝ ኃላፊ

ለአካባቢ ጥበቃ ኃላፊው፣

ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሁለቴ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በሦስተኛው አገኘሁዎትና «የተቃጠለ ነገር እኮ አልቋል፣ ምን ይደረግልሽ?» አሉኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎት ለዚህች ቃል ነው።

የምኖረው አቃቂ ወንዝ አቅራቢያ፣ ከተማው አልቆ ማሳው የሚጀምርበት ጋ ነው። ከቤታችን ጀርባ ባለው ግቢ ሌሊት ሌሊት በርሜል እየተገለበጠ ይቃጠላል። በርሜሎቹን በቀን ቀርቤ አይቻቸዋለሁ። ፍሎሪን ያለበት፣ ጊዜው ያለፈ የነዳጅ እሳት ማጥፊያ አረፋ ነው። እሳት እንዲያጠፋ የተሠራ ነገር ጉድጓድ ውስጥ ከጎማ ጋር ተለኩሶ አያልቅም! የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር ከሚታወቁት ሁሉ እጅግ ጠንካራ ከሚባሉት ነው። ለመፍረስ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚግል ምድጃ፣ ጋዙ እዚያው ግለት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ፣ ጭሱን የሚያጥብ መሣሪያም ይፈልጋል። ሲቃጠል ሊፈጠር የሚችለው ካርቦን ቴትራፍሎራይድ የሚባለው ጋዝማ ሙቀቱ 1,400 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይበገርም። ሙቀቱ ካነሰ ኬሚካሉ ተበጣጥሶ በጭስ ይወጣል፣ ሳንባ የሚልጥ ሃይድሮጅን ፍሎራይድም አብሮት ይወጣል፣ የተረፈው ደግሞ ከአመዱ ጋር አፈር ውስጥ ይገባና ዝናብ ሲመጣ ወደ ውኃው ይወርዳል። አዲስ አበባ ከአቃቂ ጉድጓዶች እንደምትጠጣ እርስዎም ያውቃሉ።

ጥቅምት ላይ የ6 ዓመት ልጄ ሌሊት ሳል ጀመራት። ትንፋሽ አጠራት። ታክሲ የለ፣ አዝዬ እየሮጥኩ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። ነርሷ «ቤት ውስጥ ምን አጭሳችሁ ነው?» ስትለኝ አለቀስኩ። እኛ ምንም አላጨስንም። የካርዷን ኮፒ ከአቤቱታዬ ጋር አያይዤ አስገባሁ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጠኝ፣ መልስ ግን እስካሁን የለም።

ሕጉን እኔ አላስተምርዎትም። አዋጅ ቁጥር 1090/2010 የወጣው ለአደገኛ ቆሻሻ ነው። እንዲህ ባለ አረፋ ውስጥ የሚገኙት የፍሎሪን ኬሚካሎች፣ ፒኤፍኦኤስ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ፒኤፍኦኤ በ2019፣ በቶሎ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ አገራችንም ስምምነቱን አጽድቃለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሲል የእኔንም ልጅ ይጨምራል።

የምጠይቅዎት ማቃጠሉን ዛሬ እንዲያስቆሙ፣ አመዱንና የጉድጓድ ውኃችንን እንዲያስመረምሩ ነው። ያልተቃጠሉት በርሜሎች አጥሩ ጥግ ተደርድረዋል። ትናንት ማታ ቆጠርኳቸው፣ 11 ናቸው።