የግቢያችን ነገር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽልኝን የግቢውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። 5 በ8 ሜትር ጠቦ የታያችሁ ማሰሮውም፣ አበባውም፣ ድንጋዩም በየቦታው ስለተበተነ ነው። ዘመናዊ ግቢ ዕቃ አይወድም። ቀጥ ያለ መስመር፣ ሁለት ዓይነት ድንጋይ፣ ሦስት ዓይነት ተክል ይበቃዋል፤ የቀረው ባዶ ይሁን።

ከማማሩ በፊት ግን ውሃው። የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ከ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1,200 ሊትር ይወርዳል፤ 60 ጀሪካን ማለት ነው። መንገድ ካልተበጀለት የለፋችሁበትን ሁሉ በአንድ ክረምት ያነሣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፍሪና ውሃ ሙዪው። ሲሰርግ እንደገና ሙዪው። በማግሥቱ አሁንም ውሃ ካለበት አፈሩ ዋልካ ነው፤ ውሃውን እዚያው ላስርገው ማለት ከንቱ ነው። በቦይ ወደ መንገዱ ዲች ይውጣ። መሬቱ ከቤቱ እየራቀ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ልኩን በዓይን አትመኑት፤ ውሃ የተሞላ ቀጭን ላስቲክ ቱቦና ሲባጎ ይበቃል፤ ውሃው በቱቦው ሁለት ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማልና።

መተላለፊያውን በኮንክሪት ጠፍጣፋ ሥሩት፦ 60 በ60፣ ውፍረቱ 6 ሳንቲ ሜትር። 8 ጠፍጣፋ በ10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሲደረደር 5.5 ሜትር ይሄዳል። ቅልቅሉ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ነው፤ ለስምንቱ አንድ ከረጢት ተኩል ያህል ሲሚንቶ ይበላል። ብዙዎች የሚያበላሹት እዚህ ጋ ነው። ለመገልበጥ እንዲቀል ብለው ውሃ ያበዙበታል፤ የተረፈው ውሃ ሲተን ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፣ ጠፍጣፋውም ይፈረፈራል፣ ይሰነጠቃል። ለ50 ኪሎ ከረጢት ከ25 ሊትር አይለፍ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይቀነስ። ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከተሞላ በኋላ እርጥብ ጆንያ ለብሶ 7 ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። የባሕር ዳር የመጋቢት ፀሐይ ላይ ተራቁቶ ከዋለ ገና ሳይጠነክር ይደርቃል። አንዱ 50 ኪሎ ስለሚሆን ለሁለት ይነሣ፤ ከሥሩም 5 ሳንቲ ሜትር የተደቀደቀ አሸዋ ይነጠፍ።

ከዚያ ጠጠር፦ ማዕዘን ያለው፣ የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ። ክብ የሆነው የወንዝ ጠጠር ከእግር ሥር እየተንከባለለ እማዬን ይጥላታል። ጠጠር የሚለብሰውን 20 ካሬ ሜትር በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለመሸፈን 1 ሜትር ኩብ ይበቃል። አረም እንዳይወጣ ከሥሩ ላስቲክ አታንጥፉ፤ ውሃ ይይዛል፣ የወባ ትንኝም ይፈለፈልበታል። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ተተርትሮ፣ የውስጡ ላስቲክ ወጥቶለት ይነጠፍ፤ ዳርና ዳሩ በ20 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ። ውሃ ያሳልፋል፣ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም።

ማንጎውን አደራ አትቁረጡት። የታችኛው ቅርንጫፍ ብቻ ይገረዝለት፤ ከዚያ ግንዱ ራሱ ጌጥ ይሆናል። ሥሩ ላይ አፈር አትከምሩ፣ ይታፈናል። ጠጠርም አይደፋበት፤ ቅጠሉ እየረገፈ ከጠጠሩ ጋር ሲቀላቀል የሚለቅመው ሰው አይገኝም። ቅጠሉ እዚያው ይበስብስ።

ለተክሉ መደብ 4 በ1 ሜትር በሁለት ረድፍ ብሎኬት ይሠራ። 46 ይፈጃል፣ ስብራት ስላለ 50 ግዙ። ከአጥሩ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ እርጥብ አፈር የተደገፈው ግንብ ልስኑን ይጥላል። ከታች ወለል አይሠራለት፣ የመጀመሪያው ረድፍም በየሜትሩ ውሃ ማውጫ ቀዳዳ ይተውለት። አፈሩ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። እምቦጭ ከጣና ዳር አምጥቶ ብስባሽ ላድርገው የሚል ሰው ቢመጣ እሺ አትበሉ፤ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

መደቡ ላይ ጠጅ ሳር ብቻ፣ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ፣ 6 እግር። ከጎረቤት ከነሥሩ ተገንጥሎ በነጻ ይገኛል፤ ከአንድ ዓይነት ተክል የተሠራ ረጅም መስመር ከሃያ ዓይነት አበባ ይልቅ ዓይን ይይዛል። ጠጠሩ መካከል ሦስት እሬት፣ በሩ ጋ ለእማዬ ጤና አዳም። እኔ ባለሁበት አገር እንዳየሽው ያለ የተላጨ ሣር ግን ይቅርባችሁ፤ በበጋ ወራት ሁሉ ውሃ ሲለምን ይከርማል።

የድንጋዩና የኮንክሪቱ ሥራ እስከ ሚያዝያ ይለቅ። ተክሉ ዝናቡ ሲጠና፣ በሰኔ መጨረሻ ይግባ። ብሩን ልኬያለሁ፤ መጀመሪያ ለቦዩ ይውጣ። ጉድጓዱን በማግሥቱ ጠዋት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ እስከዚያ ሲሚንቶ አይገዛ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ