ቀጠሮ ሰጥተናል፦ ከእድራችን የሕክምና ኮሚቴ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ የአቃቂና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ በውጭ አገር ያላችሁ የሠፈራችን ልጆች፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

በጥቅምት መጀመሪያ የጻፍንላችሁ ምስጋና ነበር። ወሩ ሳያልቅ ለልመና ተመልሰናል። ደጋግመን እጃችንን ስንዘረጋ እንደምትሰለቹ እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል። ግን ጥቅምት 12 ለ13 አጥቢያ በጣለው ዝናብ የእድሩ ዕቃ ቤት ጣሪያ ተደርምሶ፣ ከአቃቂ በታች ጎርፍ ለጎዳቸው ገበሬዎች ለምንሰጠው ነጻ ሕክምና፣ ለኅዳሩ ዙር ያስቀመጥነው መድኃኒት አብዛኛው በስብሷል። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የጥበቃ ሠራተኛችን ያን ሌሊት ያደረው ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲጠብቅ ነበር።

ጣሪያው ለምን ወደቀ ለምትሉን፣ ማገሩን ምስጥ በልቶት ነበር። በ2015 ይታደስ ተብሎ ተነሥቶ፣ መድኃኒት ይቅደም ብለን ያስተላለፍነው እኛው ነን። ይህን አንሸሽግም።

ውሃው ከየት እንደሚወርድ አቃቂ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም። ትንሹ አቃቂ ከተማውን አቋርጦ፣ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ዞሮ፣ ሁለቱም በእኛው አጠገብ አልፈው አባ ሳሙኤል ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። ክረምቱ ሲበረታ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦችም ሞልተው ውሃ ሲለቀቅ፣ እኛ ድልድይ ላይ ቆመን «ዘንድሮስ ጉድ ነው» እንላለን። ታች ያለው ገበሬ ልጁን ታቅፎ በጨለማ ጉብታ ይፈልጋል። የሚደርሰውም ንጹሕ ውሃ አይደለም። የፋብሪካው ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤቱ፣ ከየመንደራችን የተጣለው ሁሉ አብሮ ይወርዳል። አባ ሳሙኤልን የሸፈነውን እምቦጭ ያየ ሰው ምን እየጠጣ እንዳደገ ይገባዋል። ዘንድሮም ጎርፉ ሲሸሽ ጭቃው በጉድጓድ ውሃቸው ውስጥ ቀርቷል። ለዚህ ነው ይህን ሥራ ምጽዋት ብዬ ለመጥራት አፌ የማይታዘዝልኝ። ደጃቸው የደረሰው ቆሻሻ ከእኛ ደጅ የተነሣ ነው።

ጥቅምት 1 እና 2 በገበሬዎቹ ቀበሌ ትምህርት ቤት ግቢ ድንኳናችንን ተከልን። ፈቃዱን ከወረዳው አግኝተን፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተመካክረን፣ የሠፈራችን ልጆች የሆኑ 4 ሐኪሞች፣ 6 ነርሶችና 1 የፋርማሲ ባለሙያ ያለ አምስት ሳንቲም ክፍያ ሠሩ። በሁለቱ ቀን መዝገባችን ላይ የሰፈረው 614 ሰው ነው። ተቅማጥ ያደከማቸው ሕፃናት ኦአርኤስና ዚንክ አገኙ፤ ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ወይም 14 ቀን መቋረጥ እንደሌለበት ለእናቶቹ በኦሮምኛ ተነገራቸው። ለደፈረሰው ውሃ ቢሻንጋሪ አደልን፤ አንዷ ከረጢት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ታጣራለች።

አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ቀረበች። በጣቶቹ መሐል እከኩ ቆስሎ መግል ቋጥሯል፤ ሌሊት ሲያክ ስለሚያድር ዓይኑ እንኳ አልተገለጠም። ነርሷ የሚቀባውን ሰጥታ፣ የቤቱ ሰው በሙሉ በአንድ ጊዜ መቀባት እንዳለበት፣ ልብሱና ብርድ ልብሱም በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ መሰጣት እንዳለበት አስረዳቻት። እናትየው እስከ መጨረሻው ሰማቻትና፣ ብርድ ልብሱን ጎርፍ እንደወሰደው፣ ሰባቱም በአንድ ጋቢ እንደሚያድሩ ተናገረች። እከክ ደግሞ በአንድ ቅባት አይለቅም፤ ይደገማል። የሚደገመው ቅባት ከበሰበሱት ካርቶኖች ውስጥ ነበር።

ሌላም አለ። ጤፉ ውሃ ውስጥ ስለቀረ፣ መረሬው ጠፈፍ ሲል ሰዎቹ ሽምብራና ጓያ ዘርተዋል። ጓያን ለወራት ብቻውን የበላ ሰው እግሩ እንደሚተሳሰር አባቶቻችን ያውቁታል፤ ሐኪሞቻችንም ከሌላ እህል ጋር እንዲቀላቀል፣ ዘፍዝፈው ውሃውን እንዲደፉት መክረዋል። ግን ሌላ እህል ከሌለ ከምን ጋር ይቀላቀል? ይህን ጥያቄ ይዘን ነው የተመለስነው። ሽሮ፣ በቆሎ፣ ስንዴ ያላችሁ በዓይነትም አምጡልን።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳን የደም ግፊቱ ነገር ነው። 58 ሰዎች ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ብዙዎቹ በሕይወታቸው ተለክተው አያውቁም። ጤና ጣቢያው በጭቃው ሦስት ሰዓት ያስኬዳል፤ እህሉ የጠፋበት ሰው የጤና መድኅን ካርዱን በምን ያድሳል? ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው የ45 ቀን መድኃኒት ሰጥተን ቀጠርናቸው። አንዲት አሮጊት እናት የተሰጣቸውን እንክብል በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ቋጠሮውን እንደያዙ «ይህ ሲያልቅስ?» ብለው ጠየቁን። በኦሮምኛ የምናውቃት ቃል ትንሽ ናት፤ «ኒ ዱፍና» አልናቸው። እንመጣለን ማለት ነው። የግፊት መድኃኒት ጀምሮ በድንገት ማቋረጥ አደጋ እንዳለው እዚያው ስናስተምር ውለናል። እንክብሉ በኅዳር አጋማሽ ያልቃል። ቀጠሮው ኅዳር 13 እና 14፣ ቅዳሜና እሑድ ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ስለ ትራክተሩ ኪራይ ያጉረመረማችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። አውቶቡሱ ከጥርጊያው መንገድ ወዲያ አልሄደም፤ የቀረውን መንገድ መድኃኒቱን፣ ድንኳኑንና ነርሶቹን በተጎታች ያደረሰልን ያ ትራክተር ነው። በእኔ እምነት ካወጣነው ብር ሁሉ እንደሱ ሥራ የሠራ የለም። ለባለሙያዎቹ የቀረበው ምሳ የእድሩ ሴቶች የሠሩት ሽሮ ነበር፤ ከእድሩ ካዝና አልተነካም። በ2013 በሒሳባችን ላይ የተነሣው ጥያቄም በጠቅላላ ጉባኤ ታይቶ፣ ኦዲተር ገብቶበት ተዘግቷል፤ ሰነዱን ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት ጽሕፈት ቤት ይምጣ።

ደረቅ የሚመስለውን መድኃኒት ጭምር ለምን አስወገዳችሁ የሚልም አለ። የሕፃናት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ በዱቄት መልክ ነው የሚቀመጠው፤ እርጥበት ከነካው ጠርሙሱ ደህና ቢመስልም ውስጡ ይበላሻል። የፋርማሲ ባለሙያችን አንድ በአንድ አይተው፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ በጤና ጣቢያው ማቃጠያ እንዲወገድ ተደርጓል። ለድኻ ልጅ የተበላሸ መድኃኒት ከመስጠት እናንተ ብትወቅሱን ይሻለናል። የተረፉት የቢሻንጋሪና የኦአርኤስ ካርቶኖች በአንድ አባላችን ሳሎን ተደርድረዋል።

መድኃኒት እንደ ዱሮው አይገዛም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ መድኃኒታችን ደግሞ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። የሚያስፈልገን ለመድኃኒት 260 ሺህ፣ ለጣሪያው 110 ሺህ፣ ለመጓጓዣ 50 ሺህ፣ በድምሩ 420 ሺህ ብር ነው። በእጃችን 138 ሺህ አለ። የቀረው 282 ሺህ ብር እስከ ኅዳር 5 ካልገባ መድኃኒቱን ገዝተን መድረስ አንችልም። የመስከረሙ መዋጮ ከግማሽ በታች መቆሙን ታስታውሳላችሁ፤ ቃል የገባችሁ እባካችሁ አድርሱን።

ይህ ሠፈር ለሰው መድረስ አዲስ አይሆንበትም። በመጋቢት 2009 ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ ድንኳናችንንና ወንበራችንን ጭነን ደርሰናል። በኮሮናው መሐል ጭምብል አጥልቀን ይህን ሕክምና ጀምረናል። ኅዳር 12 እንደ ልማዳችን ቆሻሻ ጠርገን ሠፈራችንን እናጥናለን፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀውን የኅዳር በሽታ እያሰብን። በማግሥቱ ነው ጉዟችን። ጌታ «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ያለው ለክርስቲያኖቻችን የታወቀ ነው፤ ሙስሊም አባሎቻችንም ሰደቃችሁን ከዚህ በተሻለ ቦታ የምታስቀምጡ አይመስለንም። እያንዳንዱ አባል 500 ብር ቢያዋጣ ከጉድለቱ ብዙው ይሞላል። ያልቻለ 50 ብርም ይስጥ፣ እንቀበላለን።

ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በእድራችን ስም በተከፈተውና በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀሰው ሒሳብ ነው። ቁጥሩ በጽሕፈት ቤታችን በር ላይና በወርሃዊ ደረሰኛችሁ ጀርባ አለ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚሁ ሒሳብ አስተላልፉ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ሕክምና» ብላችሁ መጻፍ አትርሱ፤ ባለፈው ሳይጻፍ የገባውን ከወርሃዊው መዋጮ ለመለየት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። በውጭ ያላችሁ ቁጥሩን ከቤተሰባችሁ ደረሰኝ ላይ አስነብቡ። በግለሰብ ስም ወይም በግለሰብ ስልክ ላኩ የሚላችሁ ካለ የእኛ አይደለም፣ አትላኩ። በጥሬው የምትሰጡ ለገንዘብ ያዧ ብቻ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። እንደገና፦ ንግድ ባንክ፣ በእድሩ ስም፣ «ሕክምና» ተብሎ፣ እስከ ኅዳር 5።

ጣሪያውን እሑድ ኅዳር 7 ከቅዳሴ በኋላ ራሳችን እናነሣለን። ቆርቆሮና የባሕር ዛፍ አጣና ያለው አስቀድሞ ያሳውቀን፤ መዶሻና መሰላል ያለው ይዞ ይምጣ። ቡናው ከእድሩ ሴቶች ነው።

ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
የኮሚቴው ጸሐፊ