የፎቶግራፍ ክበብ፦ ከአንዲት ዞርኪ ጋር ያሳለፍነው ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን የሠራው በአንዲት ካሜራ ነው። ዞርኪ-4 ትባላለች። የአንድ ተማሪያችን አባት በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ሲማሩ የገዟት ናት። ከነ85 ሚሊሜትር ጁፒተር-9 ሌንሷ አዋሱን፤ እግዜር ይስጥልን።

ዞርኪ ሬንጅፋይንደር የሚባለው ዓይነት የፊልም ካሜራ ናት፤ የምናየው በሌንሱ ውስጥ አይደለም፤ ለብቻዋ ባለች ትንሽ መስኮት ነው። ረጅም ሌንስ ስለገጠምን መስኮቷ ሰውን አታቀርብልንም። የዞርኪ መስኮት የተሠራችው ለ50 ሚሊሜትር ነው። ለ85ቱ ካሜራው አናት ላይ የሚሰካ ሌላ ማያ አለ። ልጆቹ በታችኛዋ መስኮት ተደርቦ የሚታየውን ሁለት ምስል አንድ እስኪሆን አገጣጥመው ፎከስ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ላይኛው ያነሳሉ። እዚህ መሃል ሰውየው ጎንበስ ካለ አለቀ።

የመጀመሪያው ፊልም ግማሹ ባዶ ወጣ። የሌንሱ ክዳን አልተነሳም ነበር። መስኮቷ ሁሉን ቁልጭ አድርጋ ስለምታሳይ ክዳኑ ትዝ አይልም። ያነሳችው ልጅ አለቀሰች። አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊልም ሲገባ ክዳኑ እኔ ኪስ ይገባል።

የጥበቃችንን የአባባን ፎቶ ከአንድ ሜትር ተኩል፣ በአፐርቸር 2፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፍተን አነሳን። የጋቢያቸው ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ዓይናቸው ግን ጭጋግ ነው። በዚያ ርቀት ጥርት የሚለው ቦታ አራት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። በሳምንቱ ጥርት የሚለው ቦታ እንዲሰፋ አፐርቸሩን ወደ 5.6 አጥብበን፣ ወደ እኛ የቀረበውን ዓይናቸውን ይዘን ደገምነው። ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ወጣ። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ፊታቸውን ይህን ያህል ለመሙላት አፍንጫቸው ሥር መቆም ነበረብን፤ ያኔ ደግሞ አፍንጫው ፊቱን ይውጠዋል። ይህን ሌንስ የወደድኩት ለዚህ ነው፤ ሰው ሳይጨነቅ ይነሳል።

ጥር 23 እንጅባራ ለአገው ፈረሰኞች በዓል ሄድን። የሚጋልብ ፈረስ በሁለት መስኮት አይያዝም። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ዘዴ አገኘ። መሬት ላይ ያለ ድንጋይ መርጦ ፎከሱን እሱ ላይ አደረገ፤ ከዚያ በላይኛው ማያ እያየ ፈረሱ ድንጋዩ ጋ እስኪደርስ ጠበቀ። ሦስት ፈረስ አለፈው። አራተኛው ላይ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ፤ የፈረሱ ጆሮ፣ የጋላቢው ጥርስ፣ ከኋላ አቧራው።

ካሜራዋን ሰኔ ላይ ልንመልስ ሄድን። አባትየው የፈረሱን ፎቶ ረጅም ጊዜ አዩት። «ፊልም ፈልጉ እንጂ እሷ እዚያው ትቆይ» አሉን።