ሕመሙ ሲነሳ ከገመዱ ቀድሞ የሚደርስ ቡድን፤ የድጋፍ ጥሪ

ገንዘብ ልንጠይቃችሁ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አንሄድም።

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለን የተወሰንን እድሮች ተሰባስበናል። የአእምሮ ሕመም ድንገት የተነሳበት ሰው ጋ የሚደርስ አነስተኛ ቡድን ልናቋቁም ነው። አንድ ተረኛ የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስ፣ ከሰፈር የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች፣ አንድ መኪና፣ አንድ ስልክ። ዱላ የለም፣ ካቴና የለም፣ ገመድ የለም።

እሳት ቢነሳ 939 እንደውላለን። ሌባ ቢገባ 991። ሰው ቢወድቅ የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 907። የጎረቤት ልጅ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ቆልፎ ለእኛ ከማይታየን ሰው ጋር ሲጣላ ማን ጋ ይደወላል? የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኡኡታ ይሰማል፣ ጎረምሶች ይሰበሰባሉ፣ ገመድ ይመጣል። ሦስቱ እጁን፣ ሁለቱ እግሩን። ከዚያ ላዳ ፍለጋ ነው። ሹፌሩ የታሰረ ሰው ሲያይ ነዳጁን ረግጦ ይሄዳል። ፖሊስ የሚጠራበትም ጊዜ አለ። ፖሊሱ ምን ያድርግ? ሥራው ጥፋተኛ መያዝ ነው፣ እዚህ ያለው ደግሞ በሽተኛ ነው። እናቱ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ላይ ይነጋባታል።

ጎረቤቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው። ሌላ መንገድ ያሳየውም የለም። ግን ጠብቆ ያደረ ገመድ የእጅን ነርቭ ይጎዳል፤ ሰውየው ከሕመሙ ሲያገግም እጁ ከአንጓው ላይ ተንጠልጥሎ አልነሳ ሊለው ይችላል። ማን እንደያዘው፣ ማን ደረቱ ላይ እንደተቀመጠም ያስታውሳል። በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሲጀምረው ከእኛው ይደበቃል።

ቡድኑ ይዞት የሚወጣውን ቦርሳ እንክፈተውና እንይ። ከላይ ጋቢ አለ። ጨርቁን የጣለ ሰው ጋ ሲደረስ መጀመሪያ ማልበስ ነው፣ ንግግሩ ከዚያ ይቀጥላል። ከጋቢው ሥር የስኳር መለኪያ አለ። ስኳሩ የወረደበት ሰው ያልበዋል፣ ይቀባጥራል፣ ሰው ይገፈትራል፤ ሰፈሩ «ሰክሯል» ወይም «አብዷል» ይለዋል። አንዲት ጠብታ ደም ነገሩን ወዲያው ትለየዋለች። ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያም አለ። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ለዓመታት የጠጡትን አረቄ በአንድ ጊዜ ማቆም፣ ሁሉም ሰውን ያስቃዣሉ። በወለደች በጥቂት ቀን ውስጥ እንቅልፍ አጥታ «ይሄ ልጅ የኔ አይደለም» የምትል አራስ ደግሞ ለነገ የማትባል ታማሚ ናት። ቤተሰብ «መንፈስ ነው፣ አይደለም» እያለ ሲከራከር ለእናቲቱም ለሕፃኑም አደጋው ይጨምራል። ከቦርሳው ታች ውሃና ብስኩት አለ። ብዙ የታወከ ሰው ሲጠጉት የራበው ሆኖ ይገኛል።

ሥልጠናው ደግሞ በአብዛኛው ነገር አለማድረግን መልመድ ነው። አንድ ሰው ብቻ ይናገራል፣ ሌላው ዝም ይላል። ድምፅ ዝቅ ይላል። በሩ ላይ አይቆምም፤ መውጫ ያጣ ሰው ይመታል። «ማንም የለም እኮ!» ብሎ መከራከር የለም። «ፈርተሃል አይደል? እዚሁ ነኝ» ይበቃል። ተመልካቹን መበተን፣ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጸውን «ተው፣ ነግ በእኔ ነው» ማለትም ሥራ ነው፤ ምናልባት ከባዱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ የሚመስለውን ሰው በግልጽ መጠየቅም ይለመዳል። መጠየቁ ሐሳቡን ይጨምርበታል የሚባለው ትክክል አይደለም።

ቢላ የያዘ ሰው ሲኖር ያው 991 ነው የሚጠራው። በዚህ ላይ ጀግና ለመምሰል አንሞክርም።

ሕክምናው እኮ አለ። አማኑኤል ሆስፒታል ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት አገሩን ሁሉ የተሸከመው እሱ ነበር። ዛሬ ጥቁር አንበሳም፣ ቅዱስ ጳውሎስም፣ ኢካ ኮተቤም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። የተበላሸው ከቤት እስከ ሆስፒታል ያለው መንገድና ከሆስፒታል መልስ ያለው ጊዜ ነው። በወር አንዴ የሚወጋው መርፌ ሲያልፈው፣ ኪኒኑን «ተሽሎኛል» ብሎ ሲያቆም፣ ሕመሙ ተመልሶ ይነሳል። ስለዚህ ነርሷ ከሳምንት በኋላ ትደውላለች፦ «መርፌህ መቼ ነው?» የአንድ ስልክ ጥሪ ሒሳብ ከአንድ ሌሊት ግርግር ጋር አይወዳደርም። ጠበል ወይም ሩቅያ የሚወስድ ቤተሰብ ጋር ጠብ የለንም። መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ እንላለን።

ድሮስ እንዴት ነበር የምንኖረው? ድሮ ሰፈሩ ሰውየውን ያውቀው ነበር። ሲነሳበት በእናቱ ስም ከጠሩት ቁጭ እንደሚል የሚያውቁ ጎረቤት ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ነዋሪ ከሰፈሩ ሲነሳ ያ እውቀት በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። የቀረነው ደግሞ የግቢያችንን ግማሽ አናውቅም። የምንመዘግበው መዝገብ የዚህ ምትክ ይሆናል፦ ፈቃደኛ ቤተሰብ ምን እንደሚያረጋጋው፣ የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስድ አስቀድሞ ይነግረናል። መዝገቡ ነርሶቹ ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የእድር ዳኛም ቢሆን አያየውም።

ሐሳቡን ከሰማይ አላወረድነውም። በአሜሪካዋ ዩጂን ከተማ አንድ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ1989 የጤና ባለሙያና የቀውስ አማካሪ በአንድ መኪና መላክ ጀመረ። እዚያው አሜሪካ የዴንቨር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2020 ተመሳሳይ ቡድን አሰማራች፤ ቡድኑ በሠራባቸው አካባቢዎች ሪፖርት የሚደረጉ ቀላል ወንጀሎች 34 በመቶ መቀነሳቸውን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የስዊድኗ ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሳይካትሪ ነርሶች የሚወጡበት አምቡላንስ አላት። ወደ እኛ የሚቀርበው ግን የዚምባብዌዋ ዋና ከተማ የሃራሬው ነው። ሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ጭንቀት የያዘው ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያወራል። እንደነሱ ያሉ እናቶች በየእድራችን ሞልተዋል።

የዩጂኑ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ከተማው ውስጥ ሥራውን አቁሟል። ክሊኒኩ ገንዘብ አጠረው። እንዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራ ነገር ከቆመ፣ የእኛም በመዋጮ ብቻ ዕድሜ አይኖረውም። ዓላማችን አንድ ዓመት ሠርተን፣ ስንት ጥሪ እንደመጣና ምን እንደተደረገ በወረቀት ይዘን፣ ከተማ አስተዳደሩ እንዲረከበው መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ አገልግሎት እንደ እሳት አደጋ የከተማው መሆን አለበት። ባዶ እጃችንን ብንሄድ ግን «ጥሩ ሐሳብ ነው» ተብለን ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን።

ትልቁ ወጪ የነርሶቹ የሌሊት ተረኛ ክፍያ ነው። ቀጥሎ ነዳጅ፣ ቀጥሎ የጤና መድን ለሌለው ታማሚ የመጀመሪያው ሳምንት መድኃኒት። ለኮሚቴ የውሎ አበል የለም፤ ቡናውም ከኪሳችን ነው። ከእያንዳንዱ የእድር አባል ለአንድ ዓመት በወር 50 ብር እንጠይቃለን። የማይችል ይተወው፣ ቅር አንሰኝም። ከሰፈሩ ተነስታችሁ ሌላ ቦታ የገባችሁ፣ ውጭ አገርም ያላችሁ፣ ዓመቱን በአንዴ ብትከፍሉልን ለነርሶቹ ውል ለመፈረም ይረዳናል። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚወጣው። የወሩ ወጪ በየእድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የታማሚ ስም ግን በጭራሽ አይወጣም።

ገንዘብ የሌለው ሌላ ነገር አለው። በሳምንት አንድ ሌሊት መኪናውን የሚሰጥ እንፈልጋለን። ንጹሕ ጋቢና ሙሉ ልብስ እንቀበላለን፤ ያረጀ አታምጡ፣ ለሰው ልናለብሰው ነው። ራሱ ታሞ ያገገመ ወይም ታማሚ ያስታመመ ሰው ለሥልጠናው ቢመዘገብ ከማንም በላይ እንፈልገዋለን። ሠልጣኝ ስንመርጥ ቅድሚያውን ለእነሱ ሰጥተናል።

መዋጮውን በወሩ የእድር ስብሰባ ላይ ለገንዘብ ያዡ መስጠት ይቻላል። በቴሌብር የሚልክም የሒሳብ ቁጥሩን ከእሱው ይጠይቅ፤ በሌላ ሰው በኩል የሚመጣ ቁጥር የእኛ አይደለም። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።