ቅሬታ፦ ስለ አንታሊያው የሙሉ ቀን ቱር

ጤና ይስጥልኝ፣

ግንቦት ላይ ከእናቴ ጋር በእናንተ ፓኬጅ ቱርክ የሄድኩ ደንበኛችሁ ነኝ። 3 ጊዜ ደውዬ 3ቱንም ጊዜ "መልሰን እንደውላለን" ስለተባልኩ ነው አሁን የምጽፈው። መጀመሪያ እውነቱን ልናገር፣ ቪዛው በጊዜው ደርሷል፣ በረራው ምንም አልነበረውም፣ ሆቴሉም ላራ ቢች ነው እንዳላችሁት ላራ ነው፣ ሰራተኞቹማ እማዬን እንደ እናታቸው ነው የያዟት። ቅሬታዬ ስለዚያች አንድ ቀን ነው፣ "የአንታሊያ ከተማ ቱር" ብላችሁ በሰው 45 ዶላር ስለሸጣችሁልን።

ቱሩን ለምን እንደምንገዛው ቢሯችሁ ለነበረችው ልጅ ቁጭ ብለን አስረድተናታል። እማዬ ፀሀይ መሞቅ ምኗም አይደለም፣ እሷ የፈለገችው ወደቡን ማየት ነው፣ ጳውሎስና በርናባስ ከጴርጌ ወርደው ወደ አንጾኪያ የተሳፈሩበትን፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ ያለውን። አሮጌው ወደብ ካሌይቺ የሚባለው የድሮ ሰፈር ስር ነው ያለው። ልጅቷም "ካሌይቺ እኮ ፕሮግራሙ ላይ አለ እማማ" ብላ በእስክሪብቶ አክብባ ሰጠቻት፣ ወረቀቱ እስካሁን እማዬ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ባሱ ወሰደን (ሰዓታቸው ከኛ ጋር እኩል ነው፣ ስለዚህ ተምታቶብህ ነው እንዳትሉኝ)። የመጀመሪያው ማረፊያ ወርቅ ቤት። ከዛ ቆዳ ቤት፣ እሱ ደግሞ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠውን ሻይ አጠጡንና ሞዴሎች ጃኬት ለብሰው በሙዚቃ ይመላለሳሉ፣ መብራቱ ሲበራ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሻጭ ተመደበ፣ 900 ዶላር ያለኝን ጃኬት በር ላይ ስደርስ 350 አደረገው፣ እኔ እኮ የመጣሁት ከበግ ቆዳ አገር ነው ለቆዳ ብዬ ሜዲትራኒያን ድረስ ምን አስኬደኝ። 3ኛው የሎኩም (የቱርኮች ጣፋጭ) ሱቅ ነው፣ እዚያ እንኳን ቀምሰን ገዝተናል፣ አልዋሽም። ግን ሶስቱ ሱቅ ብቻ 4 ሰዓት ከምናምን ፈጅቷል፣ በሰጣችሁን ፕሮግራም ላይ ደግሞ "ሱቅ" የሚል ቃል የለም፣ "የባህል ጉብኝት" ነው የሚለው።

ዱደን ፏፏቴ፣ ያ ከገደሉ አፍ ቀጥታ ባህሩ ላይ የሚወርደው፣ 15 ደቂቃ። የሀድሪያን በርን በባስ መስኮት አየነው፣ ጋይዱ በማይክ "3 ቅስት አለው" አለ፣ ቆጥረን ሳንጨርስ አለፍን።

ካሌይቺ ስንደርስ 25 ደቂቃ ነው ያላችሁ ተባልን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ይሄንንም ፎርሙ ላይ ሞልተናል። ጋይዱ አየት አደረጋትና "ወደቡ ታች ነው፣ ደረጃው ብዙ ነው፣ ማማ ባስ ውስጥ ትጠብቅ" አለ። ለምኜው ነበር፣ ሌላ መንገድ የለም አለ። እሷም "ተወው ልጄ፣ ከላይ ካየሁት ይበቃኛል" አለች፣ ባሱ ከቆመበት ግን ምንም አይታይም፣ ያየችው የሌላ ባስ ጀርባ ነው።

ማታ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ያለውን ልጅ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ ከላይ ከአደባባዩ አጠገብ እስከ ወደቡ የሚያወርድ ሊፍት አለ። ያውም በነፃ! በማግስቱ ጠዋት በረራ ስለነበረን ያኔውኑ ታክሲ ይዘን ሄድን። ሊፍቱ አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። መሽቷል፣ የመዝናኛ ጀልባዎቹ ሙዚቃቸውን ለቀውታል፣ እማዬ ግን ምንም የሰማች አይመስልም፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካክላ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች፣ ከዛ "ከዚህ ነው የተነሱት በለኛ" አለች። ወደ አንድ ሰዓት ቆየን። እኔ ግን ሙሉ ሰዓቱን እዛ ጋይድ ላይ ስናደድ ነው ያሳለፍኩት፣ እሱም ይቆጨኛል።

ጋይዱ የኛ ሰራተኛ አይደለም፣ የቱርክ ካምፓኒ ነው እንደምትሉኝ አውቃለሁ፣ ስልክ ላይም እንደዛ ተብያለሁ። ብሩን የተቀበላችሁት ግን እናንተ ናችሁ፣ ደረሰኙም የእናንተ ማህተም ነው ያለበት።

የምጠይቀው ከ90 ዶላሩ ግማሹን እና የደርሶ መልስ ታክሲውን ነው። የታክሲውን ደረሰኝ፣ ልጅቷ ያከበበችበትን ወረቀትና ጉልበቷን የሞላንበትን ፎርም ፎቶ አንስቼ አያይዣለሁ። ሁለተኛ፣ ሱቆቹን ፕሮግራሙ ላይ በስማቸው ጻፏቸው፣ መግዛት የሚፈልግ ሰው አውቆ ይሂድ። ሊፍቱንም ጻፉት፣ ትልልቅ ሰዎችን ትልካላችሁ።

መልሱን በቴሌግራም በጽሁፍ ላኩልኝ፣ "እንደውላለን" የሚለውን ከእንግዲህ አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር
የግንቦቱ ደንበኛችሁ