የቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የጀልባ ፕሮፔለር ጥገና

በሐዋሳ ሐይቅ፣ ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል በተባሉት ዳርቻዎች በሚቆሙት ሞተር ጀልባዎች ላይ በብዛት የሚታየው ባለሦስት ክንፍ የአሉሚኒየም ፕሮፔለር ነው። ድንጋይ ወይም ውኃ ውስጥ የተጋደመ ግንድ ሲመታ ይሸረፋል፣ ይታጠፋል፤ በዚያው ግን ማርሹን ከስብራት ያተርፋል። የክበባችን የዘንድሮ ሥራ የሚጠገነውን መጠገን፣ የማይጠገነውን ለይቶ በትክክል መቀየር ነበር። ባለጀልባዎች የተጎዱ ፕሮፔለሮቻቸውን ለመማሪያ ሰጥተውናል፤ ክበቡ ከልብ ያመሰግናቸዋል።

አንደኛው ወሰነ ትምህርት በምርመራ አለፈ። ቀጭን ስንጥቅ በዓይን አይያዝም። ስለዚህ የክንፉ ሥር በነጭ ጋዝ ይርሳል፣ ጥቂት ቆይቶ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ጠመኔውን አርሶ ጠቆር ያለ መስመር ያወጣል። ሥሩ ላይ መስመር የወጣበትን ፕሮፔለር ክበቡ አይጠግንም፤ ክንፉ በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለ ቢገነጠል ሚዛን ያጣው ዘንግ ኩሽኔታውንና ማርሹን ይጎዳል።

ቀጥሎ የመሃል ጎማው ይታያል። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይሄድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከክንፎቹ አይደለም፤ በውስጠኛው ብረትና በክንፎቹ እምብርት መካከል ተጨምቆ የገባው ጎማ ለቋል ማለት ነው። ለማረጋገጥ ከውስጠኛው ብረት እስከ እምብርቱ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ይሰመራል። ጀልባው ሰው ጭኖ ከተነዳ በኋላ መስመሩ ተለያይቶ ከተገኘ ጎማው እየተንሸራተተ ነው።

ክበቡ ብዙ ጊዜውን የሰጠው ግን ለፒች ነው። እምብርቱ ላይ 9¼ × 9 ተብሎ ቢጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር በኢንች የፕሮፔለሩ ዲያሜትር ነው፤ ሁለተኛው ፒቹ ነው፣ ማለትም ፕሮፔለሩ ሳይንሸራተት አንድ ዙር ቢዞር ወደፊት የሚሄደው ርቀት። ሦስቱ ክንፎች በፒች ካልተስማሙ ፕሮፔለሩ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ጀልባውን ያንቀጠቅጣል፣ ነዳጅም ያባክናል። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች መለኪያውን የሠሩት ከጠፍጣፋ ጣውላ ነው። መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ ብረት ተተክሏል፣ በዚያ ላይ የሚሽከረከር ክንድ ገብቷል፣ ከክንዱም ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ዘንግ ወደታች ይወርዳል። ፕሮፔለሩ ውኃውን የሚገፋው ፊቱ ወደላይ ሆኖ ይቀመጣል። ዘንጉ ከመሃል 82 ሚሊ ሜትር ላይ፣ ማለትም ከመሃል እስከ ጫፍ ካለው ርቀት 70 በመቶ ላይ ይታሰራል። ከዚያ ክንዱን 30 ዲግሪ አዙሮ የከፍታውን ልዩነት ማንበብ ነው። 30 ዲግሪ የአንድ ዙር 1/12 ስለሆነ ንባቡ በ12 ይባዛል፤ 19 ሚሊ ሜትር ቢነበብ 228 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 9 ኢንች ያህል ነው። 17 ብቻ የሚሰጥ ክንፍ ግን ወደ 8 ኢንች ወርዷል፣ ታጥፏል። የኋለኛው ጠርዝ ላይ ሆን ተብሎ የተሠራ ትንሽ ጉብጠት ሊኖር ስለሚችል ንባቡ ከጠርዙ ፈንጠር ብሎ ይወሰዳል።

በጥገናው በኩል ክበቡ ያወጣው ልክ ይህ ነው፦ እስከ 3 ሚሊ ሜትር የገባ ሽራፊ በሞረድ ይስተካከላል። ጤነኛው ክንፍ በካርቶን ላይ ተሰምሮ ይቆረጥና ሦስቱም በእሱ ይለካሉ፤ በመጨረሻም ብርጭቆ ወረቀት ይመጣል። ከሦስቱ ጫፎች 6 ሚሊ ሜትር ቢሞረድ ዲያሜትሩ በግማሽ ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ በሞረድ መቸኮል አይገባም። ጫፉ ብቻ ትንሽ የታጠፈው በጠንካራ እንጨት ላይ ተደግፎ በእንጨት መዶሻ ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ ከዚያ የጠመኔው ምርመራ ይደገማል። በእሳት ማሞቅን ከልክለናል፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ መልኩን ሳይለውጥ ድንገት ይፈርሳል። ቁራሽ የጎደለው ክንፍ የአርጎን ብየዳ ሥራ ነው፤ ሙቀቱ እንዳያቃጥለው የመሃል ጎማው አስቀድሞ ይወጣል።

ከሞረድ በኋላ ሚዛን አለ። ፕሮፔለሩ በቀጭን ዘንግ ተሰክቶ በሁለት ስለታም ጠርዞች ላይ ሲቀመጥ ከባዱ ክንፍ ወደታች ይወርዳል። ብረት የሚቀነሰው ከዚያው ክንፍ፣ ግን ውኃውን ከማይገፋው፣ ወደ ጀልባው ከዞረው ገጹ ነው። የሚገፋው ፊት ከተነካ ፒቹ ይበላሻል።

ለመቀየር መጀመሪያ የካንዴላው ገመድ ይነቀላል፤ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ሞተር ሊያስነሣ ይችላል። ዳዶው እንዳይፈታ በቀዳዳው የሚያልፈው ኮፒሊያ ይወጣል፣ ክንፉ በእንጨት ተደግፎ ዳዶው ይፈታል፣ የሮንዴላዎቹ አቀማመጥም በቅደም ተከተል ይመዘገባል። እዚህ ላይ ለሐይቃችን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የተቆረጠ የዓሣ መረብ ክር በዘንጉ ላይ ይጠመጠምና ዘይት ከልካዩን ጎማ ይቆርጣል። የማርሹ ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ዘንጉ ውኃ በማያጥበው ግራሶ ይቀባል። የዳዶው ቀዳዳ ከዘንጉ ጋር ካልገጠመ ይጠብቃል እንጂ አይላላም፣ ኮፒሊያውም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። በትናንሽ ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ፒን በግጭት ጊዜ እንዲሰበር ተብሎ የተሠራ ነው። በእሱ ቦታ ጠንካራ ሚስማር ከገባ በሚቀጥለው ግጭት የሚሰበረው የማርሹ ጥርስ ይሆናል።

አዲስ ሲገዛ የነበረውን ቁጥር እንዳለ መድገም እዚህ ሁልጊዜ አያዋጣም። ሐይቃችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,690 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ባለ15 ፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር ወደ 12 ተኩል ይወርዳል። መመሪያው በሙሉ ጋዝ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር በደቂቃ ሲል ሞተሩ ከዚያ በታች ከቀረ ፒቹ በዝቶበታል። 1 ኢንች መቀነስ 200 ዙር ያህል ይመልሳል።

ለ2018 ዓ.ም. የቀረው ሥራ የመሃል ጎማውን የሚያወጣና የሚያስገባ መግፊያ ነው። ንድፉ በመኪና ክሪክና በአራት ማዕዘን የብረት ፍሬም ላይ ተመሥርቶ አልቋል፤ ብየዳው ትምህርት ሲከፈት ይጀመራል።